ታርጋ ላስገጥም ሄጄ

አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ከፊትም ከኋላም ታርጋ የሚታሰርበት ቀዳዳ የላትም። መያዣ ላስገጥምላት ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር፣ መንገድ ዳር ወደሚሠራ ሰው ወሰድኳት። ሰውየው ድሪሉን ወደ ፊት ፓራውልቱ አስጠጋና ድንገት ቆም ብሎ፣ «ጋሼ፣ የዚች ባትሪ በየት በኩል ነው?» አለኝ። እኔ ምኑን አውቄው። «ከሥር ይመስለኛል» አልኩት። «ይመስለኛል» ማለቴን ሲሰማ ቆቡን አውልቆ ዓይኑን ጨፈነና፣ «ጌታ ሆይ፣ በደምህ ሸፍነኝ» እያለ መጸለይ ጀመረ። «ሥራ ስትጀምር ሁልጊዜ ትጸልያለህ?» አልኩት፣ አዎ እንዲለኝ እየተመኘሁ።

«ኧረ፣ ለነዳጅ መኪና አልጸልይም» አለኝ።

ተው ልለው አፌን ስከፍት ድሪሉ ጮኸ። ሮጬ ማዶ ካለው አጥር ላይ ተለጥፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ድሪሉ ጸጥ ሲል ደግሞ ባሰብኝ፤ ሰውየው ይኑር ይሙት ዓይኔን ገልጬ ማየት አቃተኝ። አንድ ነገር ትከሻዬን ሲነካኝ ኤሌክትሪክ የያዘኝ መስሎኝ ጮህኩ። እሱው ነው፤ ቆቡን እንደገና አውልቆ በእጁ ይዟል።

«የፊቱ አለቀ» አለኝ። «ለኋላው ግን አብረን እንጸልይ፤ ባትሪው እዚያ ሳይሆን አይቀርም።»