የእድሩ ግቢ ውሃ

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ከኦሎምፒያ ወደ ቂርቆስ ስመጣ ዝናብ ያዘኝና የሰፈራችን እድር አዳራሽ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ቆመዋል፤ የእድራችን ዳኛ አቶ ሃድጉ እና የአዲሱን አዳራሽ ንድፍ የሠራችልን ወጣቷ አርክቴክት ደሊና። አሮጌው አዳራሽ ሊፈርስ ነው፤ ንድፉንም ጉባኤው በማግስቱ ሊወስንበት ነው። አቶ ሃድጉ ካልወደዱት ማንም እጁን እንደማያነሣ ሁላችንም እናውቃለን።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ንድፍሽን አየሁት» አሉ ሽማግሌው። «የቀረውን ግቢ ሲሚንቶ እናልብሰው ብንል ሣርና ዛፍ አመጣሽብን። ለቀስተኛ ጭቃ ላይ ይቀመጥ?»

«ጭቃ አይሆንም፣ ጋሼ። ማለቴ፣ ከሚፈርሰው ግንብ የሚወጣውን ድንጋይ እናነጥፈዋለን፤ ውሃው በመሃል በመሃሉ ወደ መሬት ይሰርጋል። የጣሪያውን ደግሞ በአሸንዳ ወደ ታንከር እናስገባዋለን። ቧንቧ በጠፋ ቁጥር የእድሩን ድስት ማጠቢያ ፍለጋ ስንዞር አይደል የምንውለው?»

«መስታወቱስ የት ሄደ? ካዛንቺስ ያሉትን አዳዲስ ሕንፃዎች አላየሽም?»

«አይቻቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ በማሽን ካልቀዘቀዙ አይቀመጡባቸውም። የእኛ ከፍ ያሉ መስኮቶች ካሉት ነፋሱ ራሱ ይበቃዋል።»

አቶ ሃድጉ ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን ስለማውቀው አላማረኝም፤ ሰው ተናግሮ እስኪደክመው የሚጠብቁበት ፈገግታ ነው። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ደግሞ አንድ አመል አለብን፤ ግቢያችን ሲሚንቶ ካልለበሰ የሠለጠንን አይመስለንም። ውሃው ከበራችን ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ጠይቀን አናውቅም።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ጎርፍ አሁን የት የሚሄድ ይመስልዎታል?» አለች ደሊና።

«ወደ ታች ነዋ! ሌላ የት ይሄዳል?»

«በቃ፣ አብረን እንየው።»

አቶ ሃድጉ ጃንጥላቸውን ዘርግተው እያጉረመረሙ ከእሷ ጋር ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር፣ ባሏ የሞተባት የወይዘሮ ሰብሪና ቤት አለ። ሰብሪና ቀሚሷን ሰብስባ ከቤቷ ውስጥ ውሃ በሳህን እየዛቀች ትደፋለች። አልጋዋን በብሎኬት ላይ አቁማዋለች። ከእኛ ግቢ የወረደው ጎርፍ በጓሮዋ ገብቶ በፊት በሯ ይወጣል።

አቶ ሃድጉ ደነገጡ። «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የግቢውን ፊት ሲሚንቶ ካደረጋችሁት ወዲህ ነው» አለች ሰብሪና።

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪን?»

ሰብሪና አንገቷን ደፋች። «ባለቤቴ ሲሞት፣ የእድሩ አባል ሳንሆን ድንኳን ተክላችሁልኛል። ያን ሰሞን ከአጠገቤ አልራቃችሁም። ታዲያ በምን አፌ ውሃችሁ አስቸገረኝ ልበል? ዘንድሮ ከባሰብኝ ቤቱን ትቼ ቡልጋሪያ ሰፈር እህቴ ጋ እገባለሁ።»

እውነቱን ለመናገር እኔ አፈርኩ። አቶ ሃድጉ ጃንጥላቸውን ለደሊና ሰጡ፤ ሱሪያቸውን ጠቀለሉና ሌላ ሳህን አንሥተው ውሃውን ይደፉ ጀመር።

በማግስቱ በጉባኤው ፊት ንድፉን ያስረዱት ደሊና ሳትሆን እሳቸው ነበሩ። የጣሪያው ውሃ ተጠራቅሞ ድስታችን እንደሚታጠብበት፣ የተረፈውን ዛፉና መሬቱ እንደሚጠጡት፣ ድንጋዩ ከራሳችን ግንብ ስለሆነ እንደማይገዛ፣ አዳራሹ ያለ ማሽን ነፋስ እንደሚያገኝ፣ የሰፈሩ ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጥላው ሥር ማጥናት እንደሚችሉ አንድ በአንድ ተናገሩ። ልጅቷ በረንዳው ላይ ካለችው አንዲት ነገር አላስቀሩም፤ እንዲያውም የራሳቸውን ጨመሩበት።

ከኋላ አንዱ «ሲሚንቶው ግን ያምር ነበር» አለ።

አቶ ሃድጉ ወደ ተናጋሪው ዞሩ።

«የዘረዘርኩላችሁን ጥቅም ሁሉ ብትረሱት ግድ የለኝም። እኛ ሰው ሲሞት የምንደርስ ሰዎች ነን። ወይዘሮ ሰብሪናን በግቢያችን ጎርፍ በቁሟ ከቤቷ አስወጥተን፣ ስትሞት ድንኳን ይዘን ብንሄድ በየትኛው ዐይናችን ሬሳዋን እናያለን?»

የሁሉም እጅ ተነሣ።