ያለ ሟች የተነፋ ጥሩምባ

ፍኖተ ሰላም፣ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ነው። እሁድ ጠዋት አዲሱን ስፒከሬን ልሞክር ብዬ፣ ጃዝን ከትዝታ ቅኝት ያዋሃደ አልበም ለቀቅሁበት። መግቢያው ላይ ባንዱ ዝም ይልና ሳክስፎን ተጫዋቹ ብቻውን ወፍራም ድምፅ እየጎተተ ይነፋል። አንጀት ይበላል! ዓይኔን ጨፍኜ ሳጣጥም በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ለካ የእድር ጥሩምባ መስሏቸው ነው! «ማን ሞተ?» ይሉኛል። አፌን ሳልከፍት አከራዬ እትዬ ዘርፌ ከቅዳሴ ተመለሱ፤ ደጃቸው በሰው መሞላቱን ሲያዩ «ወይኔ!» ብለው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። ሴቶቹም ተቀበሏቸው። በደንብ ካለቀሱ በኋላ እትዬ ዘርፌ ቀና አሉና፣ «ቆይ፣ ለመሆኑ የማለቅስ ለማን ነው?» አሉ።

ይኼኔ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አያ ሙሉነህ ጥሩምባቸውን ታቅፈው በቁጣ ገቡ። «እኔ ሳልነፋ በዚህ ሰፈር ማነው የሚሞት?»

«አያ ሙሉነህ፣ ማንም አልሞተም፤ ሙዚቃ ነው» አልሁና መግቢያውን እንደገና ከፈትሁላቸው።

ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጠፉ። እድሩ ይቀጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሳክስፎኑ እስኪጨርስ አልተነቃነቁም። ከዚያ ጥሩምባቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

«ስማ ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ነፋሁ። እኔ ስሞት ማን ይነፋልኛል እያልሁ እጨነቅ ነበር። ይኸን ዕቃህን እንዳትሸጠው።»

ከዚያ ወዲህ አያ ሙሉነህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እንደምን አደርህ» ማለቱን ትተውታል። ሰላምታቸው «ቻርጅ አለው?» ሆኗል።