የሁለት ደቂቃው ሰው

ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ባልና ሚስት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነታረካሉ።

«ትናንትም ያንን አሜሪካዊ አክተር ስታዪ ዋልሽ።»

«የድሮ ፊልም ነው ያየሁት።»

«ፊልሙን ሳይሆን እሱን ነው። ዋናውን አክተር ብትወጂው እኮ ይገባኛል። ይሄ አንዴ ዳኛ ነው፣ አንዴ የሆቴል ዘበኛ፤ ሁለት ደቂቃ ታይቶ ይጠፋል።»

«ስንቱ ላይ አየኸው?»

«ሁሉም ላይ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን ዋና ሆኖ አልሠራም።»

«ሁሉንም አየሃቸዋ።»

«ምን እንዳለው ልወቅ ብዬ ነው።»

«አወቅህ?»

«መልክ የለው፣ ቁመት የለው።»

«ሲገባ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቤት ያለችውን ሴት እንዴት ዋልሽ ይላታል።»

«ተከፍሎት እኮ ነው።»

«አንተ በነፃ ሞክረው።»

ቀራንዮ ስንደርስ ባልየው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ደግሞ እኮ ከሞተ ቆይቷል» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ ሚስትየዋ። «አንተ ግን በየቀኑ ትገባለህ።»

ከታክሲው ወርጄ ቤቴ በር ላይ ስደርስ፣ ከማንኳኳቴ በፊት ኮፍያዬን አወለቅኩ።