ጋሼ መኳንንት ደጋን የጣሉ ዕለት

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ጋሼ መኳንንት! … ይሰማል፣ ግን ጫጫታ አለ። እስቲ ከአዳራሹ ትንሽ ወጣ ይበሉ።

ናሆሚ ስልኩን በግራ እጇ ይዛ ሶፋው ላይ ቀና አለች። ቀኝ ክንዷ በጨርቅ ማንጠልጠያ ደረቷ ላይ ታስሯል፤ ትከሻዋን ኦፕሬሽን ከሆነች ገና ብዙ አልቆየችም። እናቷ ራሔል አጠገቧ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ታያለች።

— ማሚ፣ ቀንሺው እባክሽ፣ ጋሼ መኳንንት ናቸው። … አዎ፣ አሁን ተሻለ። ውድድሩ እንዴት ነው? ብሬክ ላይ ናችሁ? … ምን? … ወደ ቤት? ለምን ወደ ቤት? … ቆይ፣ ቆይ፣ ምኑ ነው የወደቀው? … ደጋኑ? ከእጅዎ ላይ?

ጋሼ መኳንንት የማርልቦሮ ሰፈር ሰው ናቸው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሊወጡ ነው ሲባል ስትሮክ መታቸው፤ ግራ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ፊዚዮቴራፒስቷ የጎማ ኳስ ሰጥታ ይጭመቁ ብላቸው፣ ቴሌቪዥን ሲያዩም፣ ባቡር ሲጠብቁም ሲጨምቁ ከረሙ። እጃቸው ነፍስ ሲዘራ ቀስት ውርወራ ክለብ ገቡ። ያስተማረቻቸው ይህችው ናሆሚ፣ ካልጋሪ ተወልዳ አማርኛዋን ከእናቷ አፍ የለቀመች ልጅ ናት። ዛሬ የመጀመሪያ ውድድራቸው ነው። ደጋኑን የሚይዙት ደግሞ በዚያው በግራ እጃቸው ነው።

ናሆሚ ስትሮኩ ዳግም መጥቶ እንዳይሆን ሚስታቸውን መጠየቅ ፈለገች።

— ጋሼ፣ እትዬ ጥሩወርቅ አሉ? … ስልኩን ይስጧቸው። … አይ፣ መጀመሪያ እሳቸውን ልጠይቅ። … እትዬ፣ እንኳን አብረው ሄዱ። የምጠይቅዎትን ቶሎ ይመልሱልኝ፣ ኦኬ? ፈገግ እንዲሉ ይንገሯቸው። … አውቃለሁ ደስ እንዳላላቸው፤ እንደምንም ፈገግ ይበሉ። … አፋቸው በሁለቱም በኩል እኩል ነው? … ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ያቆዩ። … ግራው አይወርድም? … ንግግራቸውስ? አይጎተትም? … ከተቆጡ ደህና ናቸው! … ግን እትዬ፣ ትንሽ ነገር ከተለወጠ የሚደውሉት ለኔ አይደለም፤ ለአምቡላንስ፣ ናይን ዋን ዋን ነው። እሺ፣ ስልኩን ለጋሼ ይመልሱልኝ።

ራሔል ቴሌቪዥኑን ጭራሽ አጠፋችው።

— ጋሼ፣ ደጋኑ ከወደቀ በኋላስ እንዴት ተኮሱ? … ሁሉም ወደ ግራ? … አንዱ ከዒላማው ውጪ። … አይዞዎት። ገመዱ ክንድዎን መታዎት? … እውነቱን፣ ጋሼ። እጅጌዎን ይሰብስቡ። … እትዬ ምን አሉ? በልዟል? … በጣም? … እና ለማን ሊነግሩ ነበር?

— እሺ፣ ደጋኑን ምን ያህል አጥብቀው ነው የያዙት? … እንደ መሪ? እንደ ታክሲው መሪ! … በበረዶ ቀን! ጋሼ እኮ…

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ሰበሰበችው፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የመሳቅ ፍላጎት አልነበረውም።

— አይ፣ በእርስዎ አይደለም የሳቅኩት። ይስሙኝ። እንደዚያ ሲይዙት መዳፍዎ ሙሉ በሙሉ እጀታው ውስጥ ይገባል፤ ክንድዎ ገመዱ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ ይመታዎታል። በዚያ ላይ ጨብጠው ሲለቁ ደጋኑ ይጠመዘዛል። ለዚህ ነው ወደ ግራ የሚሄደው። ዓይንዎ ደህና ነው። … እጅዎም ደህና ነው! … ታዲያ ለምን ወደቀ ይላሉ። ማሰሪያውን አድርገው ነበር? ደጋኑን ከእጅዎ ጋር የሚይዘውን? … ቤት? ጠረጴዛ ላይ? … የልጅ ነገር መሰለዎት? ጋሼ፣ አጠገብዎ የቆሙትን ይዩዋቸው፣ ሁሉም አስረዋል።

— አንድ ጥያቄ። ደጋኑ የወደቀ ጊዜ ያ ፍላጻ የት ገባ? … አላዩም። መሬት መሬቱን እያዩ። … እትዬስ? እትዬ አይተዋል? ይጠይቋቸው። … የት? … እርግጠኛ ናቸው? … ቢጫው ውስጥ?

ናሆሚ ሳታውቀው ከሶፋው ተነስታ ቆማለች። ቢጫው የዒላማው እምብርት ነው።

— ጋሼ! ስማኝ — ሶሪ፣ ይስሙኝ! ደጋኑ የወደቀው እጅዎ ስለደከመ አይደለም፤ ስለተከፈተ ነው! ዊንተሩን ሙሉ የምለምንዎት ምን ነበር? … አዎ! አይጨብጡት፣ ይደግፉት ብቻ። ፍላጻው ሲሄድ ደጋኑ ወደ ፊት መውደቅ አለበት፤ ማሰሪያው ይይዘዋል። ጠዋት ማሰሪያ የለም፣ መሬት ወረደ። በቃ፣ ይኸው ነው። ከተኮሱት ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነበር። እርስዎ ግን እጄ ከዳኝ ብለው የቀረውን ሁሉ አንቀው ተኮሱ።

ስልኩ የተቋረጠ መሰላት።

— ጋሼ? … ይሰሙኛል? … እያለቀሱ ነው እንዴ? … እሺ። ጉንፋን ነው። ይሁን።

— አሁን ማሰሪያ እንሥራ። ጫማዎ ክር አለው? … የለውም። እትዬ ምን አድርገዋል? … ስኒከር! አንዱን ክር ይፍቱልዎት። … በአንድ ጫማ እየጎተቱ ይሂዱ፣ ማን ያያቸዋል! … ፈቱት? አንዱን ጫፍ ቀለበት አድርገው አውራ ጣትዎ ላይ ያስገቡ። … ላላ ይበል፣ ደም እንዳይዝ። ክሩን በደጋኑ ፊት ያዙሩትና ሌላውን ጫፍ ሌባ ጣትዎ ላይ። … አሁን መዳፍዎን ይክፈቱ። ይክፈቱት፣ ጋሼ፣ የትም አይሄድም። … ያዘው?

በስልኩ ውስጥ ሽማግሌው እንደ ልጅ ሲስቁ ተሰማት።

— አያያዙ ደግሞ እንዲህ ነው። መኪና እንደሚያስቆም ሰው እጅዎን ይዘርጉ። … አሁን ጣቶችዎን ትንሽ ወደ ውጪ ያዘንብሏቸው። እጀታው አውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋ ላይ ብቻ ይረፍ። የቀሩት ጣቶች ሥራ የላቸውም፤ ፈረቃቸው አልቋል። … ትከሻ ወደ ታች። ትከሻዎ ጆሮዎን ከነካ እንደኔ ኦፕሬሽን ይሆናሉ። ሲስቡ በክንድ ሳይሆን በጀርባ። ለቀው ደግሞ ለማየት አይቸኩሉ፤ ፍላጻው እስኪገባ ዝም ብለው ይቁሙ።

— ምን? … እኔ? ለምን አልመጣሁም? … ትከሻዬን አሞኛል አላልኩም?

ራሔል ቀና ብላ አየቻት። የትከሻዋ ሕመም ቀለል ካላት ቀናት አልፈዋል። ዛሬ በዚያው አዳራሽ የክፍለ ሀገሩ ቡድን ይመረጣል፤ ቦታው የናሆሚ ነው ሲባል ነበር። ክንዷን አስራ ተመልካች መሃል መቀመጥ አልሆነላትም።

— ፊሽካ ነው? ይሂዱ፣ ይሂዱ! ስልኩን ለእትዬ ይስጧቸው፤ መስመሩ ላይ ስልክ አይፈቀድም። … ጋሼ! ጥሩ እጅ ነው ያለዎት።

— እትዬ፣ አይዝጉት። … ቆሙ? … ትከሻቸው? … ጥሩ። በቃ፣ ዝም እንበል።

ራሔል መጥታ ጆሮዋን ከስልኩ ጀርባ አስጠጋች። ከሩቅ የሰው ማጉረምረም፣ ሳል፣ ቀጥሎ ጧ የሚል ደረቅ ድምፅ መጣ።

— የት እንደገባ ገና አይንገሩኝ፣ እትዬ! መጀመሪያ እጃቸውን ይንገሩኝ። ደጋኑ ወደ ፊት ሄደ? … ክሩ ያዘው? … ጣቶቻቸውስ? … እንዴት? … ማሚ፣ ክፍት ናቸው! … አሁን ይንገሩኝ፣ የት ገባ? … ቀዩ ላይ። … ቀይ አሪፍ ነው፣ እትዬ! ከቢጫው ቀጥሎ እኮ ነው! … ወደ እርስዎ እያዩ ነው? ታዲያ እጅዎን ያውለብልቡላቸው!

— ገና ብዙ ይቀራቸዋል? … አይ፣ ሲያልቅ አይደውሉልኝ። … ኧረ አልተቀየምኩም! … ማሚ፣ የመኪናው ቁልፍ የት ነው? … እትዬ፣ አጠገብዎ ሁለት ወንበር ይያዙልኝ፤ እናቴም ትመጣለች። … ትከሻዬ? ትከሻዬም ይምጣና ይይ። … አይንገሯቸው፣ እንዳይደነግጡ። … መጣን። ቻው እትዬ፣ ቻው።

ስልኩን ዘግታ በአንድ እጇ ጃኬቷን ለመልበስ ስትታገል፣ እናቷ ቁልፉን በጥርሷ ነክሳ እጅጌውን ያዘችላት።