ከባሕር በታች የተማለ መሐላ

በእኛ ጊዜ ቆቦ ላይ ውኃ ማለት ወይ የለም፣ ወይ ደግሞ ሲመጣ በሬህን ከነቀንበሩ ይዞብህ ይሄዳል። ዋና ማን ያስተምርሃል? እኔን ያስተማረኝ የጎሊና ወንዝ ነው። ሞልቶ ወሰደኝ፣ ወሰደኝ፣ ተፋኝ፤ ከዚያ ወዲያ ውኃ አልፈራሁም። ታዲያ ባሕር ኃይል ሲመለምል «ዋና የሚችል?» ሲሉ እጄን አወጣሁ፣ እና ምጽዋ ወሰዱኝ፣ እና ጠላቂ ዋናተኛ አደረጉኝ።

እዚህ ገበያ ላይ «አያ ሞላ ሰርጓጅ መርከብ ከነሰዉ ጎትቶ አወጣ» ይሉኛል አይደል? ውሸት ነው። ምን ሰርጓጅ ነበረንና! የሰመጠ ጀልባ ነው። ሥራዬ ያ ነበር፤ የሰመጠ ነገር ፍለጋ። መልሕቅ፣ ገመድ፣ ሰው። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው ግን ጭቃ ነው። አንቺ የምትጽፊው፣ ጻፊ እንጂ፤ ጭቃ በይ። ዛሬም ጉድጓድ ውስጥ ባልዲ ሲወድቅባቸው እኔን ነው የሚጠሩት።

ሜዳሊያው ግን እውነት ነው። እሱ ነው የቸገረኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሣና ስንቅ የምታመላልስ ጀልባ ወደቡ አፍ ላይ ገለበጣት። ሰመጠች፤ ሆዷ ወደ ላይ። ወረድኩ። ብረቱን በመዶሻ መታሁት፣ ኳ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከውስጥ፣ ኳ፣ ኳ። ሰው አለ! እና በበሩ ገባሁ፣ እና ጨለማ ነው፣ እና ወደ ላይ ብቅ ስል አንድ ክንድ የማይሞላ አየር ታፍኖ ቀርቷል፤ እዚያ ውስጥ አንድ ራስ። የጀልባዋ ወጥ ሠሪ ነው፣ አዲስ ምልምል፣ አላውቀውም። ጭንብሌን ገልጬ «አይዞህ ወንድሜ!» አልኩት።

ታዲያ ሰው ምን ይላል? «አውጣኝ» አይልም? እሱ ምን አለ?

«አነጋገርህ የእኛ አገር ነው፤ ከየት ነህ?»

«ከቆቦ።»

«የማን ልጅ?»

እናንተዬ! ውኃው አገጩ ላይ ደርሶ የማን ልጅ! እኔም ጅሉ መለስኩለታ! የራያ ሰው የማን ልጅ ነህ ሲባል ዝም ማለት የት ያውቃል። «የደስታ፣ የጎሊናው ደስታ» አልኩ።

እግሩን ሰብስቦ ወደ ጥጉ ሸሸ። በባትሪዬ አየሁት፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«እኔ የዋጃው የዓሊ ልጅ ነኝ» አለኝ። «ደምህን ልትመልስ እዚህ ድረስ መጣህ?»

ገባችሁ? አባቱ ዓሊ በግጦሽ ጠብ አጎቴን ፈንታውን ገድሎታል። ያኔ ደም ደም ነው፤ ገዳዩ ቢጠፋ ልጁ ይፈለጋል። አባቴ በየበዓሉ፣ ገና ቁራሽ ሳንቆርስ፣ «የፈንታው ደም አልደረቀም» ይለን ነበር። እና አሁን ያ ደም ከፊቴ ሆኖ ይንቀጠቀጣል።

«ና ውጣ!»

«አልወጣም።»

«አየሩ እያለቀ ነው፣ አንተ ሰው!»

«ይለቅ። በአሏህ እጅ ልሙት እንጂ ባንተ እጅ አልሞትም።»

«በመድኃኔዓለም እምላለሁ፣ አልነካህም!»

«እሱ የአንተ ነው። በፈንታው አጥንት ማልልኝ።»

በፈንታው አጥንት! በሟቹ በራሱ! ታዲያ ምን ላድርግ? ማልኩ። ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ምስክር፣ ከባሕር በታች ማልኩ።

ከዚያ የአየር ቧንቧዬን እየተቀባበልን፣ እጁን ይዤ ወደ በሩ ወረድን። እና በሩ ላይ...

እዚህ ጋ ነው።

እጄ ባዶ ሆነ። ጣቶቼ ሲከፈቱ ታውቆኛል። ውኃው ነው? ብርዱ ነው? ቀይ ባሕር ደግሞ አይበርድም። ወይስ አባቴ ነው? እንጃ። ምን ያህል ቆየ? እንጃ። ከዚያ እጅ እጄ ውስጥ ገባ፣ እና ወጣን።

ሜዳሊያውን ሲያጠልቁልኝ አዛዡ ከወረቀት አነበበ፤ «ያለ አንዳች ማመንታት» አለ። ያለ አንዳች ማመንታት! ለዕረፍት ስመጣ ደግሞ አባቴ ሜዳሊያውን አገላብጦ አገላብጦ አየና «ውኃው ይበቃው ነበር፤ አንተን መሀል ምን ከተተህ?» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ግን «የተማለ ተምሏል» ብለው ሁለቱን ቤት አስታረቁ፣ እና ይኸው ያ ወጥ ሠሪ፣ ሙሔ፣ በገበያ ቀን ከዋጃ በሚኒባስ ይመጣል፣ ከጎኔ ይቀመጣል። ይኸው ተቀምጧል። እኔም ጥርሴ እስኪረግፍ አልጠየቅኩትም። ያኔ እጄ ከድቶ ከሆነ መሐላዬ ውሸት ነው፣ እርቁም ውሸት ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት አብረን የበላነውም ውሸት ነው።

ሙሔ፣ ልጆቹ ይስሙ። በሩ ላይ ለቅቄህ ነበር?

«ወሏሂ!» አሉ አያ ሙሔ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው። «እኔ አይደለሁ እንዴ የመነጨቅኩህ? በሐሰት ምሎልኝ ቢሆንስ አልኩና እጄን ሳብኩ። በሙት አጥንት የማለልኝን ሰው ተጠራጠርኩ! ይህን በየትኛው አፌ ልንገርህ?»

«ጣቶቼ ተከፍተዋል እኮ! ታውቆኛል እኮ!»

«እኔም እጄን ስስብ አውቃለሁ እኮ!»

«ሁለታችንም ነን ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ታዲያ» አልኳቸው እኔ፣ ጸሐፊዋ፣ «ተመልሶ የያዘው ማን ነው?»

«እሱ ነዋ!» አሉ ሁለቱም እኩል፣ አንዱ ወደ ሌላው እየጠቆሙ።

ከዚያ አያ ሙሔ እስኪያስላቸው ሳቁ። አያ ሞላም ሳቁ፣ ግን ዘግይተው።

«በይ እንግዲህ ጻፊው» አሉኝ። «አልታወቀም በይ።»