ጥፍር የማትሞላ ባሕር

በደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ሰኔ መጨረሻ፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋሽ አሰግድ፣ ልብስ ሰፊዋ ዘሐራ በምትሠራበት በረንዳ ላይ ዝናብ ተጠልለው ቆመዋል።

ዘሐራ፦ አልልካትም ብያለሁ፣ ጋሽ አሰግድ። ዝናቡ እስኪያባራ ይጠለሉ፤ ስለ ረምላ ግን አያንሱብኝ።

አሰግድ፦ ይሄ ዝናብ እስከ መስከረም አያባራም። እስከዚያ ታስቀምጪኛለሽ?

ዘሐራ፦ ዱካው ያው፣ ይቀመጡበት። የኮትዎ ክርን አልቋል፣ እሱንም እሰፋልዎታለሁ።

አሰግድ፦ ዘሐራ፣ ሁለት ወር ብቻ ነው። በየትምህርት ቤቱ ዞሬ ለምኛለሁ፤ ትምህርት ሲዘጋ እኛ ጋ ኑ፣ ወንበሩም መጽሐፉም የእናንተ ነው ብዬ። ክፍሉ ሁሉ እጁን ሲያወጣ ልጅሽ ተነሥታ እናቴ አትፈቅድልኝም አለች። በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት።

ዘሐራ፦ እውነቷን ነው። እንድትዋሽ ፈልገው ነበር?

አሰግድ፦ እቤት እንዳትቀመጥ ነው የፈለግሁት።

ዘሐራ፦ እቤት ትዋል። ቁልፍ መትከል አስተምሬያታለሁ፣ ጠርዝ መቀምቀም ይቀራታል።

አሰግድ፦ ስምንተኛ ክፍልን ሁለተኛ ወጥታ ያለፈች ልጅ ጠርዝ መቀምቀም አያቅታትም።

ዘሐራ፦ ወንድሟስ? ኑረዲን ስንተኛ ነበር የሚወጣው?

አሰግድ፦ አንደኛ።

ዘሐራ፦ እንግዲያው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ያን ክረምትም እንዲሁ መጥተው እዚሁ ቆሙ። ላኪልኝ፣ መንገድ ላይ ከሚውል እኔ ጋ ይዋል አሉኝ። ላክሁት። ጠዋት ምሳውን ቋጥሬ እሸኘዋለሁ፣ ማታ የት ዋልክ ስለው ላይብረሪ ይለኛል። ጎረቤቱ ሁሉ አላህ ባርኮልሻል፣ የእኛዎቹ ኳስ ሜዳ ናቸው ሲለኝ ኩራቴን አልችለውም ነበር። ነሐሴ ላይ ኳስ የሚራገጡት ሁሉ እናታቸው ጋ አሉ፤ የእኔ ከጅቡቲ ዳርቻ ደወለ። ዛሬ ማታ በጀልባ እንሻገራለን፣ የመን ስደርስ እደውላለሁ አለኝ።

አሰግድ፦ አውቃለሁ።

ዘሐራ፦ ከጀልባዋ የተረፈው አንድ ልጅ ነው። እሱ ባይነግረን እስከ ዛሬ ስልኩን አቅፌ ነበር የምተኛው።

አሰግድ፦ የወሰደው ደላላ ነው፣ ዘሐራ። ላይብረሪው አይደለም።

ዘሐራ፦ ደላላውን የት አግኝቼ ልቆጣው? የማገኘው እርስዎን ነው።

አሰግድ፦ ተቆጪኝ። ያልነገርኩሽም ነገር አለ።

ዘሐራ፦ ምን?

አሰግድ፦ አንድ ቀን ትልቁን የካርታ መጽሐፍ ተሸክሞ መጣ። ቀይ ባሕር የሚጠብበት ቦታ ላይ ጣቱን አድርጎ፣ ጋሼ፣ ይቺ ስንት ኪሎ ሜትር ናት አለኝ። እኔ ደግሞ ተማሪዎቹን ሁልጊዜ ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል የምል ሰው ነኝ፤ የሚጠይቅ ሳገኝ ደስ ይለኛል። ማስመሪያ አመጣሁና አብረን ለካን። ሠላሳ አይሞላም አልኩት።

ዘሐራ፦ እሱስ ምን አለ?

አሰግድ፦ ሳቀ። «ጥፍሬን እንኳ አትሞላም» አለ።

ዘሐራ፦ ሐይቁን ሲዋኝ ነው ያደገው። ውሃ ሁሉ ዳር ያለው ይመስለው ነበር።

አሰግድ፦ ጎበዝ ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት። ማታም ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ዛሬ ካርታ መለካት የገባው ልጅ አገኘሁ ብዬ።

ዘሐራ፦ ለቅሶው ላይ ሦስቱንም ቀን ከጎኔ ነበሩ። ያኔ ለምን አልነገሩኝም?

አሰግድ፦ ፈራሁሽ።

ዘሐራ፦ ዛሬስ?

አሰግድ፦ ዛሬም እፈራሻለሁ። ግን ይህን ደብቄሽ ሌላዋን ልጅሽን መለመን አልሆንልኝ አለ። አሁን እምቢ ብትይ እውነትሽን ነው፤ ሁለተኛ አልመጣም።

ዘሐራ፦ ለምን እንደሚለካት አልጠየቁትም?

አሰግድ፦ አልጠየቅሁትም።

ዘሐራ፦ እኔም ላይብረሪ ዋልኩ ሲለኝ አንድ ቀን ምን አነበብክ ብዬው አላውቅም። ቢነግረኝ አይገባኝም ብዬ፣ ማንበብ ስለማልችል አፍር ነበር።

አሰግድ፦ ዘሐራ፣ ይሄ ጥፋት አይደለም።

ዘሐራ፦ ይሂዱ አሁን፣ ሥራ አለብኝ።

አሰግድ፦ እሺ። ደህና ዋይ።

ዘሐራ፦ ጋሽ አሰግድ። ሰኞ ትመጣለች። ግን አንድ ነገር ስትጠይቅዎት፣ መልሱን ከመንገርዎ በፊት ለምን እንደፈለገችው ይጠይቋት።