ልክ የተወሰደለት ዛፍ

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ከሱቃቸው ፊት በቆመው ዛፍ ጥላ ሥር ነው። አሁን ግን ዛፉ እኩሌታው ደርቋል፤ የቤቱ ባለቤትም «እስከ ክረምት ካላቆጠቆጠ ይቆረጣል» ብለዋቸዋል። ሱቋ ከስፌት መኪናው ሌላ ምንም አትይዝምና ጥላው ከሄደ ሥራቸውም አብሮ መሄዱ ነው።

አንድ ጠዋት ግንዱን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሲቀቡ፣ ስለ ዕፅዋት የተማረችው የጎረቤታቸው ልጅ ቀሚስ ልታሳጥር ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉት! ምን እያደረጉ ነው?»

«ትሉን እየገደልኩ ነዋ! ይህን ችሎ የሚተርፍ ትል የለም።»

«ዛፉንም እኮ አይምርም። ቅርፊት ለዛፍ ቆዳው ነው። እርስዎ ቆዳዎን ይህን ይቀቡታል?»

«እኔ መቼ ትል አለብኝ!» አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

ሰው የለመደውን ሲነኩበት ቀልድን ጋሻ ያደርጋል። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም፤ ሽማግሌው የጥላ ሸራቸውን ከግንዱ ጋር ያሰሩበትን ሽቦ በጣቷ አሳየቻቸው። ሽቦው ቅርፊቱን ሰርስሮ ገብቷል፤ ትሉም የሚገባው በዚያው ቁስል ነበር።

«ጋሼ፣ ለልጅ ልብስ የሚሰፉት ጥብቅ አድርገው ነው?»

«ምን በወጣኝ! ከጫፉ አጥፌ አስተርፋለሁ እንጂ። ልጅ ያድጋል፤ ሲያድግ ይተረተርለታል።»

«ዛፍስ አያድግም?»

ሽማግሌው ሽቦውን ዳሰሱ። «አንቺ ልጅ፣ አነቅኩት እኮ!» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ጋሼ። ሽቦውን እንቁረጠው፤ ውስጥ የቀረውን ግን አንጎትትም፣ ያቆስለዋል። ዘይቱን እንጥረግና ሸክላ አፈር፣ እበትና አመድ አቡክተን እንቀባው። ከፀሐይም ከተባይም ይከልለዋል። እርስዎ ደግሞ ከጆንያ ላላ ያለ ልብስ ይስፉለት። ተባይ እንዳይደበቅበት በየሳምንቱ ገልጠው ያዩታል።»

«ለዛፍ ልብስ? ሰዉ አበደ አይለኝም?»

«ይበላ! ጠበበኝ፣ ሰፋኝ ብሎ የማይጨቃጨቅ ደንበኛ ከየት ያገኛሉ?»

ሽማግሌው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው የዛፉን ወገብ ለኩ።

ክረምት ሳይገባ ከቁስሉ በላይ ለምለም ቅጠል አቆጠቆጠ። የቤቱ ባለቤትም አይተው መጥረቢያውን ተዉት። ጭቃና አሮጌ ጆንያ ለሰፊው ሥራውን፣ ለመንገደኛውም ማረፊያውን አቆዩ። ይህን ያየ ጎረቤት ሁሉ በየደጁ ዛፍ ላይ ያሰረውን ሽቦ ይፈታ ጀመር።

ልጅቷ ቀሚሷን ስትወስድ ከጫፉ የተረፈው ጨርቅ እንዳልተቆረጠ፣ ወደ ውስጥ እንደታጠፈ አየች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ማደግ ጨርሻለሁ!»

«ማን ይጨርሳል፣ ልጄ?» አሉ ሽማግሌው። «እኔንስ በዚህ ዕድሜዬ አሳድገሽኝ የለ!»